ሽቶ የመታው ቁስል

የሐሞት ከረጢቴን ከነጠጠሩ ያወጡልኝ ሆዴን በሰፊው ሳይከፍቱ፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች ነው። ሐኪሙ «ቶሎ ትድኛለሽ፤ ቁስሉ ከቀላ ወይም ካተኮሰሽ ግን ነይ» ብሎ ሸኘኝ። እናቴ ከኮምቦልቻ የመጣችው ልታስታምመኝ ብቻ ሳይሆን ዘብ ልትቆምልኝም ነበር። ቁስል ያለበት ሰው ሽቶ ከሸተተው ቁስሉ ይበላሻል ይባላል። ስለዚህ አቃቂ ባለው ቤታችን በር ላይ ተቀምጣ ጠያቂውን ሁሉ እያሸተተች ታስገባለች። እኔም አፍንጫዬ ስር ጤና አዳም ይዤ እተኛለሁ። ጨርቅ ነጋዴ ነኝ፤ ማንም በቀላሉ አያታልለኝም። በዚህ ነገር ግን ከእናቴ አላንስም ነበር።

የባሌ ታናሽ እህት ከሰርግ በቀጥታ ልትጠይቀኝ የመጣች ዕለት እናቴ ሶላት ላይ ነበረች። ልጅቷ ዘላ ገብታ አቀፈችኝ፤ ሽቶዋ ቤቱን ሞላው። «ሐሞትሽን አወጡት አሉ፤ እንግዲህ ወንድሜን የምትቆጪበት ወኔ ከየት ታመጫለሽ?» ብላ አሳቀችኝ። ስስቅ ቁስሉ ሁሉ ወጋኝ።

ብዙም ሳይቆይ እምብርቴ ላይ ያለው ቁስል ቀላ። ከዚያ አበጠ፣ ይጠዘጥዘኝ ጀመር፤ በፕላስተሩ ጠርዝም የሚከረፋ ነገር ያዥ ጀመር።

«አላልኩም? ሽቶዋ ነው የመታሽ!» አለች እናቴ። ለልጅቷ ደውላ «ቁስሏን አበላሸሽው፤ ሁለተኛ እዚህ ቤት ድርሽ እንዳትዪ» አለቻት። ሽታው እስኪለቀኝ ገላዬን ውሃ እንዳይነካው፣ መስኮትም እንዳይከፈት ተባለ።

የሐኪሙ ምክር ትዝ ይለኝ ነበር። ግን ፈራሁ። ከሄድኩ እንደገና ቢላ ያነሱብኛል ብዬ ፈራሁ። አንዲት ጎረቤታችን ከኦፕራሲዮን በኋላ ቁስሏ መርቅዞ ነው የሞተችው። ባሌ በከባድ መኪናው የጅቡቲ መንገድ ላይ ነው፤ ሲደውል «ደህና ነኝ» እለዋለሁ።

ከዚያ ብርዱ መጣ። ብርድ ልብስ ተደራርቦልኝ ጥርሴ ይንገጫገጫል። ልጆቼን ማን ያሳድግልኛል እያልኩ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ። እናቴ ዱዓ ስታደርግ ድምፅዋ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁ። እሷም መፍራቷን ሳውቅ የባሰ ፈራሁ።

የባሌ እህት ከደጅ ተጣራች። «እማማ፣ አልገባም። በልብስ ሳሙና ታጥቤያለሁ። ባጃጅ ይዣለሁ፤ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ብቻ ያውጡልኝ!»

እናቴ ሻርፔን አለበሰችኝና ደግፋ አወጣችኝ። እኔና እናቴ ከኋላ፣ ልጅቷ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጥን። ልጅቷ ሽታዋ እንዳይደርሰኝ መንገዱን ሙሉ ፊቷን ወደ ውጪ አድርጋ ሄደች።

ሐኪሙ ፕላስተሩን አነሳ። ክሩን ቆርጦ ሲጫነው መግሉ ፈሰሰ፤ ጮህኩ። ካጠበው በኋላ ጎዝ ጠቀጠቀበት። «ከረጢቱ የወጣው በዚህ በኩል ነው፤ መርቅዟል። አይሰፋም፣ ክፍቱን እየታጠበ ይድናል። ከዚህ በላይ ብትቆዪ ግን አደገኛ ነበር» አለ።

«አልሞትም?» አልኩት።

«አትሞቺም።»

የባሌ እህት በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ወደ ውስጥ አልገባችም። «ዶክተር፣ የሽቶ ሽታ ነው እንዲህ ያደረጋት?»

«ኧረ ምን አገናኘው!» አለ ጓንቱን እያወለቀ።

«እርግጠኛ ነዎት? እኔ አይደለሁም?»

ቀና ብሎ አያት። «አንቺ አይደለሽም።»

እዚያው በሩ ስር ዘጭ ብላ፣ ሰው እንደሞተባት ተንሰቅስቃ አለቀሰች። እናቴ ከአጠገቤ ተነስታ ሄደችና መሬቱ ላይ አብራት ተቀመጠች።