ቅርንፉድ ለፍርድ

ከይርጋለም ወደ አዋሳ የሄድኩት አፌ ስለሚሸት ነው። ሌላ ምክንያት ፈጥሬ ላሳምረው አልፈልግም።

በቀበሌያችን ፍርድ ሸንጎ ከሦስቱ ዳኞች አንዷ እኔ ነኝ። የሸንጎው ሊቀመንበር አንድ ቀን ከችሎት በኋላ ጠጋ ሳይል ቆሞ፣ «እትዬ በላይነሽ፣ የዓርቡን ችሎት ይረፉ። ሰው አጠገብዎ መቀመጥ እየከበደው ነው» አለኝ። ዓርብ የሚታየው የአማረች ጉዳይ ነበር። አማረች ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ጎረቤቷ አጥሩን ወደ እሷ ጓሮ ገፍቶ እንሰቷን ወስዶባታል። እኔ ቦታው ድረስ ሄጄ የድሮው አጥር የተተከለበትን ጉድጓድ በዓይኔ አይቻለሁ። በእኔ ፋንታ እንዲቀመጥ የታሰበው ሰው ደግሞ የዚያው ጎረቤት የሚስቱ ወንድም ነው። ስለዚህ እኔ ከወንበሬ ከተነሳሁ እንሰቱም አብሮኝ ይሄዳል።

ወደ ቤቴ ስመለስ አማረችን መንገድ ላይ አገኘኋትና እውነቱን እንድትነግረኝ ጠየቅኋት።

«አፌ ይሸታል ወይ?»

መሬት መሬቱን አየች። «ከጠየቁኝማ እትዬ፣ አዎ። ነጭ ሽንኩርት መስሎኝ ነበር። ግን ባልበሉበትም ቀን አለ።»

ይህን ሁሉ ዘመን ልጆቼ፣ የልጅ ልጆቼ፣ ጎረቤቶቼ አንዳቸውም አልነገሩኝም። ከእኔ ፍርድ የምትጠብቅ ሴት ነገረችኝ። የእህቴ ልጅ ፀሐይ አዋሳ ነው የምትኖረው። ሥርና ቅጠል እያፈሉ የሚያክሙ ቻይናዊ ሐኪም መጥተዋል ብላ ልካብኝ ስለነበር፣ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥቼ ተነሳሁ።

ሰኞ፣ መንገድ ላይ

አውቶቡሱ አንድ ሰዓት ላይ ይነሳል ተብሎ ሰው እስኪሞላ ሁለት ሰዓት አለፈ። ነጠላዬን በአፌ ላይ ጠመጠምኩ። አጠገቤ ዶሮ የታቀፈ ሽማግሌ ተቀምጦ ነበርና፣

«ጉንፋን ነው?» አለኝ።

«አይደለም። አፌ ይሸታል።»

«ዶሮዬም ይሸታል። እንቻቻላለን» ብሎ ቦታ አሰፋልኝ።

አፖስቶ ላይ ከዲላ የሚመጣው ዋና መንገድ ውስጥ ገባን። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ቡናውና እንሰቱ ታጥቦ ያብለጨልጭ ነበር። አፖስቶ ላይ ሴቶች በመስኮት ሙዝ ያቀብላሉ። አንድ እጅ ገዝቼ ግማሹን ለሽማግሌው ሰጠሁት። ከዚያ ወዲያ እርሻው ሜዳ እየሆነ፣ ቦቆሎው እየበዛ ይሄዳል። ኬላው ላይ ሁላችንንም አስወርደው ሲፈትሹ ብዙ አቆዩን። ወጣት ወታደር ወረቀቴን ገልብጦ አየው።

«እማማ፣ የምን ሕክምና ነው?»

«የአፍ።»

«አፍዎ ምን ሆነ? ደህና አድርጎ ይናገራል።»

«መናገሩንስ ይናገራል ልጄ። የሚሰማውን ነው የሚያሸሽብኝ።»

ሳቀና ወረቀቴን መለሰልኝ፤ ግን እጁን ዘርግቶ፣ ከሩቅ ነው። አልተቀየምኩትም። ቢያንስ ከወንበሬ ተነሺ አላለኝም።

ቱላን አልፈን አዋሳ ስንገባ እኩለ ቀን ሆኖ ነበር። ከተማው ሜዳ ላይ የተነጠፈ ነው፤ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ጥላው ብዙ። ፀሐይ ከሐይቁ ዳር፣ ከአሞራ ገደል ያመጣችውን ዓሣ ጠብሳ ጠበቀችኝ። ቆጭቆጫና ነጭ ሽንኩርት አጠገቡ አስቀምጣ ነበር፤ እኔ እጄን ስዘረጋ ቀስ ብላ ወደ ራሷ ሳበችው። ያን ጊዜ እሷም ታውቅ እንደነበር ገባኝ።

ማክሰኞ፣ ሐኪሙ ዘንድ

ሐኪሙ አጭር፣ ባለ መነጽር፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። አማርኛ አያውቁም። አንድ ድሬሰር፣ ቁስል የሚያጥበው የጤና ረዳት፣ አጠገባቸው ቆሞ በእንግሊዝኛ እየተቀበለ ያስተረጉማል። መጀመሪያ ምላሴን እንዳወጣ አዘዙኝ። ሰው ላይ ምላስ ማውጣት ነውር መሆኑን የተማርኩት በልጅነቴ በእናቴ ቁንጥጫ ነው። ፊቴን አዙሬ አወጣሁ።

«ወደ እሳቸው ነው እማማ» አለ ድሬሰሩ።

ሐኪሙ ምላሴን ትኩር ብለው አዩ። ቢጫ ሆኗል አሉ። ከዚያ ሦስት ጣታቸውን በእጄ አንጓ ላይ አሳርፈው፣ መጀመሪያ ግራውን፣ ቀጥሎ ቀኙን፣ ብዙ ጊዜ አዳመጡ። አንድ ነገር ተናገሩ።

«ሆድዎ ውስጥ እሳት አለ ይላሉ» አለ ድሬሰሩ።

ደነገጥኩ። እጅ ይዞ ሆድ የሚያነብ ሰው አይቼ አላውቅም። «አለ እንጂ» አልኩ። «እንዴት አይኖር?» አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው፦ አጥሩን፣ እንሰቱን፣ የሚስት ወንድሙን፣ ሊቀመንበሩ ከሩቅ ቆሞ ያለኝን። ድሬሰሩ እየተከተለ ያስተረጉማል። ሐኪሙ እጄን ሳይለቁ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አማረች ልጆቿን በምን ልታሳድግ ነው ስል ድሬሰሩ ግንባሩን ጠረገ።

«እማማ፣ ዶክተሩ የሚሉት ስለ ጨጓራዎ ነው። ጨጓራ ሲሞቅ ሙቀቱ ወደ አፍ ይወጣል፣ ያኔ ይሸታል ነው የሚሉት።»

«ታዲያ የአማረችን ነገር ምን ያስተረጉምሃል?»

«ማቆሚያ መች ሰጡኝ።»

ሐኪሙ ምን እንደተባባልን ጠየቁ። ሲነገራቸው መነጽራቸውን አውልቀው እስኪያብሱ ሳቁ። ከዚያ ግን ረጋ ብለው፣ እንቅልፍ የሚነሳ ብስጭትም ጨጓራ እንደሚያሞቅ አስረዱኝ። ስለዚህ ብዙም አልተሳሳትኩም።

አፌን በደንብ ሲያዩት ከኋላ የበሰበሰ ጥርስ አገኙ። ሥሩና ቅጠሉ ጨጓራን ያበርዳል፣ የበሰበሰ ጥርስ ግን በቅጠል አይድንም፣ ይነቀል አሉ። በሚቀጥለው ክፍል ተነቀለልኝ። መድኃኒቱ በወረቀት የተጠቀለለ ሥርና ቅጠል ነው፤ ጠዋትና ማታ አፍልቶ መጠጣት ነው። እዚያው አፍልተው አቀመሱኝ። ከኮሶ ይመራል። ጥሬ ነጭ ሽንኩርትና አረቄ ለጊዜው እንድተው፣ ምላሴን ጠዋት ጠዋት እንድፍቅ፣ ናና አፍልቼ እንድጠጣ መከሩኝ።

ልወጣ ስል አንድ ነገር ጨመሩ። በጥንት ዘመን በእነሱ አገር ንጉሥ ፊት የሚናገር ሹም ቅርንፉድ በአፉ ይይዝ ነበር፤ እርስዎም ሸንጎ ሲቀመጡ ይያዙ አሉኝ።

«ንጉሡስ ይይዝ ነበር ወይ?» አልኩ።

ድሬሰሩ በሩን ገልመጥ አደረገ፤ ዘመኑ ስለ ንጉሥ ጮክ ብሎ የሚወራበት አይደለም። ቢሆንም አስተረጎመልኝ። ሐኪሙ ብዙ አሰቡ።

«አይታወቅም ይላሉ። ቀርቦ ያሸተተው የለም።»

ረቡዕ፣ ገበያና መልስ

ጉንጬ አብጦ፣ ፀሐይን ይዤ ገበያ ወጣሁ። የቅመማ ቅመም ሱቁ ባለቤት እስላም ነጋዴ ነው፤ ጨዋታ አዋቂ።

«ቅርንፉዱ ለሻይ ነው ለወጥ?»

«ለፍርድ ነው።»

«የፍርድ ከሆነ አላጎድልብዎትም» ብሎ ሚዛኑ ላይ አንድ ጭብጥ ጨመረ።

ፀሐይ መንገድ ላይ፣ «አክስቴ፣ ለአንድ አፍ ይህ ሁሉ አልበዛም?» አለችኝ። «ለአንድ አፍማ ይበዛል» አልኳት። አውቶቡስ ውስጥ በመልሱ ጉዞ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ተውኩት።

ዓርብ፣ ሸንጎ

ሊቀመንበሩ ሲገባ እኔ ወንበሬ ላይ ነበርኩ። የጎረቤቱ የሚስት ወንድም በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

«ተባብለን አልነበረም ወይ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ታክሜ መጣሁ፣ ጓድ» አልኩና ቅርንፉዱን በሳህን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አንዱን አንስቼ አፌ ውስጥ ከተትኩ። ሦስተኛው ዳኛ ከልጅነቱ ትምባሆ የማይለየው ሰው ነው። እሱም አንድ አነሳ። ሳህኑን ወደ ሊቀመንበሩ ገፋሁት።

«እኔ ምን ሆኜ?»

«ምንም አልሆኑም። እኔም ሰው እስኪነግረኝ ምንም አልሆንኩም ነበር።»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ «ይውሰዱ ጓድ። ፊት ለፊት የምንቀመጠው እኛ ነን» አለ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሊቀመንበሩ ፊቱን እንዳኮሳተረ አንድ ፍሬ አነሳ። ሳህኑ በተሰበሰበው ሰው መሃል ዞረ፤ አማረችም ጎረቤቷም ወሰዱ። ክፍሉ እንደ ሰርግ ቤት ሻይ ሸተተ። ያን ቀን አፍንጫውን የሸፈነ ሰው አላየሁም፤ ቅርንፉድ አፍ ውስጥ ይዞ ብዙ ስለማይለፈለፍም ነገሩ ቶሎ አለቀ። የአጥሩን ጉድጓድ ሄደን አይተን መጣንና ሁለት ለአንድ ለአማረች ፈረድን። ሊቀመንበሩ ብቻውን ቀረ።

መድኃኒቱን አሁንም እጠጣለሁ፤ ምሬቱ አልቀነሰም። ከጉዞው የተማርኩት ይህ ነው፦ አፍ ሲሸት መታከም ይገባል፣ የሚያሳፍርም ነገር የለበትም። ነገር ግን አንዱ አፍ ብቻ ሲሸተት፣ ሌላው ሳይሸተት ሲቀር፣ ያ ሕመም አይደለም፣ አድልዎ ነው። ለእሱ ሐኪሙም መድኃኒት አልሰጡኝም፤ ሳህኑን ራሴ ማዞር ነበረብኝ።