የዛፊሶአ ሃያ አንድ እስስቶች

የሰፈራችን ሰዎች፣ ዛፊሶአ የእስስት ግልገል መታመሙን ግልገሉ ራሱ ሳያውቅ ታውቃለች ይሉ ነበር። ማጋነን ነው፤ ግን ብዙ አልራቀም። ከአምባንጃ ከተማ ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ ላይ ሃያ ዓመት ጎረቤት ሆነን ስንኖር፣ ሥራዋን ለማየት ብዬ ስንት ጠዋት አጥሯ ላይ ተደግፌ እንደቆምኩ አልቆጠርኩትም።

ምግብ ከመስጠቷ በፊት ግልገሎቹ ያሉባቸው የመረብ ሳጥኖች ፊት ትቆማለች። መጀመሪያ የምታየው ዓይናቸውን ነው። ዓይኑ ሞልቶ ወጣ ካለ ደህና ነው፤ ወደ ውስጥ ከጎደጎደ ውሃ ጠምቶታል። ቀጥላ ኩሳቸውን ታያለች። የኩሱ ነጭ ክፍል ነጭ መሆን አለበት፤ ወደ ብርቱካን ቀለም ከሄደ ያም ጥም ነው፤ እንግዲያው ቅጠሉ ላይ የሚንጠባጠበው ውሃ ይጨመራል። ከዚያ አንዲት የፍራፍሬ ዝንብ ትለቅና ምላሱን ትጠብቃለች። መጨረሻ ላይ ቀጭን ሰንበሌጥ ታቀርብለትና አያያዙን ትለካለች። ጤነኛ ግልገል የያዘውን በቀላሉ አይለቅም።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ለምን እንደምታደርግ ስጠይቃት፣ አንዱን በመዳፏ ላይ አስቀምጣ አሳየችኝ። ከአንድ ፍሬ ባቄላ አይከብድም። “ይሄ እኮ ስንቅ የለውም። ሰው ሳምንት ሲታመም የሚከሳውን፣ ይሄ በአንድ ቀን ይከሳል” አለችኝ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲነገረኝ ደስታዬ ነው፤ ወደ ቤቴ ሄጄ ለባለቤቴ ደገምኩላት።

አባቷ እስስት ከጫካ የሚለቅም ሰው ነበር። እሷ ግን ከእንቁላል ታሳድጋለች። ግልገሎቹ ሦስት ወር ሲሞላቸው ወደ ዋና ከተማው ይሄዳሉ፤ ከዚያም እስስት በቤታቸው ለሚያሳድጉ ሰዎች ይደርሳሉ። ከነዚያ ሰዎች አንዱንም አይታ አታውቅም። ቢሆንም፣ “ሰው ቤት ገብቶ የሚሞት ልጅ አልልክም” ትል ነበር።

በዚያ ዓመት፣ ዝናቡ ሲገባ፣ ሃያ ሦስት ግልገሎች ተፈለፈሉ። የግልገሎቹ አባት፣ የዛፊሶአ አባት ከመሞቱ በፊት ያወረሳት ሰማያዊው አውራ እስስት ነበር፤ እሱም በቅዝቃዜው ወር ሞቷል። ከእንግዲህ የእሱ ዘር እነዚህ ብቻ ናቸው። ዛፊሶአ ስትናገር ድምፅዋን የማትለውጥ ሴት ናት፤ ይህን እየነገረችኝ ግን የአውራውን ባዶ ሳጥን ሁለት ጊዜ ጠረገች።

በዚያው ወር ወንድሟ ጃኦዛራ ሚስቱን አመጣ። ጃኦዛራ በአምባንጃና በአምቢሎቤ መካከል ሰው የሚያመላልስ ሾፌር ነው። ሚስቱ ሚሃንታ ከአንቲሲራቤ፣ ከደጋው ከተማ የመጣች፣ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። እናቷ ስለሞተችባት የምትወልደው እዚሁ እንዲሆን ተስማሙ። ሕፃኑን የምታጥበው፣ አራሷንም በር ዘግታ በሙቀት የምታርሰው፣ ሩዙን የምታበስለው ዛፊሶአ ልትሆን ነው። ዛፊሶአ አልወለደችም። አዲስ የማጠቢያ ሳፋ ገዝታ አልጋዋ ሥር አስቀምጣ ነበር፤ አሳይታኛለች።

ሚሃንታ ሳቂታ ነበረች። በመጣች በሦስተኛው ቀን ሳጥኖቹ ፊት ቆማ ግልገሎቹን ትቆጥራለች።

“አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት… ኧረ ዞኪ፣ ከዚህ በላይ አልተቻለም። አንዱን ስቆጥር ሌላው ቅጠል ይሆንብኛል።” ዞኪ የምትላት ታላቅ እህቴ ለማለት ነው።

“ተሰለፉ በያቸዋ።”

“አንቺ ቀልጂ። እኔ ሳያቸው ወንድምሽን ነው የሚመስሉኝ፤ ቀን ሙሉ ተቀምጦ ዓይን ማንከባለል።”

ዛፊሶአ ሳቀች፤ እኔም ከአጥሩ ወዲህ ሳቅሁ። ሆኖም ዛፊሶአ የምታየው የሚሃንታን ጣት ነበር። ጣቷ ተቀስሮ እያንዳንዱን ግልገል ይነካ ይመስል ነበር።

በኛ ዘንድ እስስት ላይ ጣት አይቀሰርም። ማሳየት ያለበት ሰው ጣቱን አጥፎ በአንጓው ያሳያል። ይህን አፍ ሳንፈታ ስለምንማረው ማንም ለማንም አይነግረውም፤ ለምን እንደሚነገርም አይታሰበንም። ዛፊሶአም አልነገረቻትም። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። በምትኩ በዚያው ከሰዓት፣ “ዝናቡ በረታ” ብላ ሳጥኖቹን ሁሉ ወደ መኝታ ክፍሏ አስገባች። ሲዘዋወሩ ሁለት ግልገሎች አምልጠው በግቢዋ የውሃ ጉድጓድ አጠገብ ያለው ሎሚ ዛፍ ውስጥ ገቡ። ፈለገቻቸው፣ አላገኘቻቸውም። ሃያ አንድ ቀሩ።

ክፍሏ ጃኦዛራ ያስገባላት ትልቅ የመስታወት መስኮት ነበረው፤ በመንገዳችን ላይ ከዚያ ሌላ መስታወት የለም። የጠዋት ፀሐይ በሙሉ ይገባል፣ ክፍሉ ይሞቃል፣ ነፋስ የለም። ጠርታኝ ስታሳየኝ፣ “ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም” አልኳት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

ሃያ ቀን ያህል ካለፈ በኋላ አንዱ ግልገል ዝንብ ሳተ። ደግሞ ሳተ። ምላሱ ይወጣል፣ ግን አጭር ነው፤ ሲመለስም ይጎተታል። ዛፊሶአ እንደ ልማዷ አንድ በአንድ መመርመር ጀመረች። ጥም ይሆን? ዓይኑ ሞልቷል፣ ኩሱ ነጭ ነው። ብርድ ይሆን? ክፍሉ ከውጭው የበለጠ ይሞቃል። ሳንባው ይሆን? አፉን ከፍቶ አይተነፍስም፣ አፍንጫው ላይ አረፋ የለም። የሆድ ትል እንዳይባል የሚበሉትን ዝንብ የምታረባው ራሷ ናት። የቀረው ለአጥንት የሚሆነው ዱቄት ነው፤ የእንቁላል ቅርፊት ጠብሳና ፈጭታ በየቀኑ ዝንቦቹ ላይ ትነሰንሳለች። እሱንም እጥፍ አደረገችው።

ሳስተምርበት ከኖርኩት ትምህርት ቤት ትንሽ ሚዛን ተውሼ አመጣሁላትና በየሦስት ቀኑ መመዘን ጀመርን። ክብደታቸው ጨመረ፣ ቆመ፣ ከዚያ መውረድ ያዘ። በአምስተኛው ሳምንት እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አንዱ ቅርንጫፍ የያዘ መስሎት የራሱን እግር ጨብጦ አገኘነው። የሌሎቹ ክንድ እንደ ቅስት ጎበጠ። በአንድ ጠዋት ሦስቱ ከላይኛው ቅርንጫፍ ወድቀው ሞቱ።

ሚሃንታ ድምፅ ሰምታ ወደ በሩ መጣች። “ምነው ዞኪ? ምን ሆኑ?”

“ጣትሽን ጠይቂው።”

“የቱን ጣት?”

“ስትቆጥሪያቸው የቀሰርሽውን። ጣትሽ ነው የበላቸው።”

ሚሃንታ እጇን አየች። እውነትም አልገባትም። “እኔ እኮ የቆጠርኩት አሥራ አራቱን ብቻ ነው” አለች።

“አሥራ አራትም ይበቃል። እንዲህ ያለ ጣት ካላት እናት ለሚወለደውም እንጃ።”

ይህን እኔም ሰምቻለሁ፤ ሚዛኑ በእጄ ነበር። ሚሃንታ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ወጣች። በማግስቱ ጃኦዛራ ሻንጣዋን መኪናው ላይ ጫነና አምቢሎቤ፣ እዚያ የምትኖረው ታላቅ እህቷ ቤት አደረሳት። ለዛፊሶአ ደህና ሁኚ አላላትም። እሷም ከክፍሏ አልወጣችም።

ጣቱ ከሄደ በሽታው መሄድ ነበረበት። አልሄደም። በሳምንቱ ሌሎች አራት ሞቱ። ያኔ ነው ሽማግሌውን ቶምቦን ይዤ የመጣሁት። ቶምቦ ከአባቷ ጋር ጫካ የዋለ ሰው ነው፤ በኋላም ለጥቂት ጊዜ በከተማ እስስት አሽጎ ለሚልክ ነጋዴ ሠርቷል። ሁላችንም ዳዲላሂ፣ ማለት አያታችን፣ እንለዋለን።

“ዳዲላሂ፣ ይቅርታ አለፋንዎት” አለችው።

“ያለፋኝስ መንገዱ ነው። እስቲ የአባትሽን አውራ ልጆች አሳዪኝ።”

አንዱን በእጁ ላይ አወጣ። አልጎተተውም፤ አጥንቱ በዚህ ሁኔታ ሲጎተት እንደሚሰበር ያውቃል። ጣቱን ከፊቱ አስቀምጦ ራሱ እስኪወጣ ጠበቀ። ከዚያ በሰንበሌጥ ጫፍ መንጋጋውን ቀስ አድርጎ ነካው። መንጋጋው ታጠፈ።

“እንደ ሰም ነው” አለ። “አጥንት አልሠራም። ስንት ቀን እዚህ ውስጥ ተቀመጡ?”

“ስድስት ሳምንት። ግን ፀሐይ ይገባል፤ ይኸው ይዩት። ዱቄቱንም አልነፈግኳቸውም።”

“እዚያ ከተማም መስታወት ውስጥ አስቀምጠን እንዲሁ ሆኑብን። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ መስታወት ውስጥ ይለሰልሳሉ።”

እኔ ግን አውቅ ነበር። ይህንን ነው ለራሴ ይቅር ማለት ያቃተኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ያስተማርኩት ነገር ነው፤ ፀሐይ የማያገኝ ሕፃን እግሩ ይጎብጣል። ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ ዓይን የማያየው አንድ ጨረር አለ። ቆዳ በዚያ ጨረር ቫይታሚን ዲ ይሠራል፤ የእንቁላል ቅርፊቱ ካልሲየም ከሆድ ወደ ደም የሚገባው በዚያ ቫይታሚን ነው። መስታወት ብርሃኑንና ሙቀቱን አሳልፎ ያንን ጨረር ያስቀራል። ግልገሎቹ ዱቄቱን ይበሉታል፤ ዱቄቱ ተመልሶ ይወጣል፤ ጡንቻና ልብ ያለ ካልሲየም አይሠሩምና ገላቸው ከገዛ አጥንታቸው ይበደራል። ዱቄቱን እጥፍ ማድረግ በተዘጋ በር ላይ እንግዳ መጨመር ነው። ይህን ሁሉ ስናገር አስተማሪነቴ አገርሽቶብኝ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ዛፊሶአ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

“ጣት ነው” አለች።

ቶምቦ እጁን ሊታጠብ ወደ ጉድጓዱ ሄደ። ከዚያ ጠራን።

“እነዚህስ የማን ናቸው?”

ሎሚው ዛፍ ላይ፣ የጠዋት ፀሐይ ቅጠሉን እያለፈ በሚወርድበት በኩል፣ ያመለጡት ሁለቱ ነበሩ። ክፍሉ ውስጥ ካሉት እጥፍ አድገዋል። አንዱን ሰንበሌጥ አስይዞ ሳብ ቢያደርገው ቅርንጫፉ ተከትሎ ጎነበሰ እንጂ አልለቀቀም።

ሚሃንታ ልብስ የምታጥበው እዚያ ነበር። ከግቢዬ ሆኜ በየጠዋቱ እሰማት ነበር፦ “አንድ፣ ሁለት። ሁለቱ ልጆቼ፣ ደህና አደራችሁ?” ከማን ጋር እንደምታወራ አልገባኝም ነበር። ይህን ለዛፊሶአ ነገርኳት።

“በጣቷ?” አለችኝ።

“ሌላ በምኗ ትቆጥራለች?”

ዛፊሶአ የጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ተነስታ ሳጥኖቹን ማውጣት ጀመረች፤ ለመርዳት እጄን ብዘረጋ በትከሻዋ ገፋችኝ።

ያስተካከለችበት መንገድ ሊጻፍ የሚገባው ነው። እነዚያን ደካሞች በአንድ ጊዜ ፀሐይ ላይ ብታሰጣቸው ይሞቱ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ በጠዋት ጥቂት ደቂቃ፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት፤ የሳጥኑ እኩሌታ ሁልጊዜ ጥላ አለው፤ የሞቀው ራሱ ይሸሻል። ከፍ ያሉትን ቅርንጫፎች ሁሉ አነሳችና ወለሉን በሙዝ ቅጠልና በሣር ሞላችው፤ የሚወድቅ ቢወድቅ ከስንዝር አይበልጥም። ምላሳቸው ለማይደርስ ዝንቡን በሰንበሌጥ ጫፍ አፋቸው ድረስ አቀረበች። ካልተገደደች በእጇ አልነካቻቸውም። ዱቄቱን ወደ ድሮው ልክ መለሰች።

በሁለት ሳምንት ውስጥ መንቀጥቀጡ ቆመ። በወሩ መንጋጋቸው ጠነከረ። ሌሎች ሁለት ቢሞቱም፣ ከሃያ አንዱ አሥራ ሁለቱ ዳኑ። ከነሱም አራቱ የጎበጠ ክንዳቸው እንደጎበጠ ደነደነ። አጥንት ሲድን እንዲህ ነው፤ ይጠነክራል እንጂ የተጣመመውን አያቃናም። እነዚያን አራት ለማንም አልላከችም። የሰማያዊው አውራ ዘር ግን አልጠፋም፤ የፈለገችው ይህ ነበር፤ አገኘችው።

ሚሃንታ በዚያው ወር ወንድ ልጅ ወለደች። ዛፊሶአ አዲሱን ሳፋ ጨርቅ አልብሳ፣ የማር እሸትና ዶሮ ይዛ፣ በጃኦዛራ መኪና ወደ አምቢሎቤ ሄደች። አብሬያት እንድሄድ ለምናኝ ነበርና የሆነውን አይቻለሁ።

አራሷ የተኛችበት ክፍል ይሞቅ ነበር። ታላቅ እህቷ በሩን ከፍታ የእንግዳ ወንበር አቀረበችልን። ዛፊሶአ መሬት ልትቀመጥ ብላ ነበር፤ “ኧረ ወንበር ላይ፣ ወንበር ላይ” አሏት።

ከዚያ ሁሉንም ተናገረች። መስታወቱን፣ ጨረሩን፣ ሎሚው ላይ የነበሩትን ሁለቱን። እኔ ካስረዳኋት በተሻለ አስረዳች፤ አንድም ነገር ለራሷ አላስቀረችም። “ጣትሽ አልነበረም። እኔ ነኝ ያሳመምኳቸው። ስለ ልጁ ያልኩትንም…” ብላ አቆመች።

ሚሃንታ ልጁን እያጠባች ሰማቻት። “ሁለቱ ደህና በመሆናቸው ደስ ብሎኛል” አለች። ቀጥላ፣ “ያን ቀን ነግረውኝ ቢሆን ጣቴን አጥፌ እቆጥር ነበር። ምን ይከብዳል?” አለች።

ነግረውኝ አለቻት። እኛ ሰፈር ስትኖር አንቺ ነበር የምትላት።

“ቂም አልያዝኩም” አለች ደግሞ ሚሃንታ፣ በደጋ ሰዎች ጨዋነት። “እንግዲህ ሩቅ መንገድ መጥተዋል፤ ሩዝ ይብሉ።”

ዛፊሶአ ሳፋውን ከጨርቁ ፈታችው። “ልጠበው? አንድ ጊዜ ብቻ” አለች።

ታላቅ እህቲቱ ሳፋውን በሁለት እጇ ተቀብላ አመሰገነችና ግድግዳው ጥግ አስቀመጠችው። “በጠዋት ታጥቧል” አለች። “አሁን ይተኛ።”