የውሰት አክታ

ነገሩ በጠቅላላው ያስወጣኝ የሰርቪስ ታክሲ ሒሳብ፣ ሁለት ኪሎ በርበሬና አንዲት ሴት ነው።

ዐረብ አገር፣ ናባዓ በሚባል ሰፈር ውስጥ በርበሬና ሽሮ እሸጣለሁ። እሷ አንጠልያስ ሰፈር ሰው ቤት በተመላላሽነት ትሠራለች፤ እሑድ እሑድ ሱቄ በር ላይ ተቀምጣ እያሳለች ትስቃለች። ላገባት ወስኜ ነበር፤ ያልነገርኩት ለእሷ ብቻ ነው።

ሳሉ ሲበዛ ማዳሟ «የቲቢ ምርመራ ካላመጣሽ ኸላስ፣ ሥራ የለም» አለቻት። ክሊኒኩ የጠዋት አክታ የምታመጣበት ክዳን ያለው ዕቃ ሰጣት። እሷ ግን «ከተገኘብኝ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ አለቀ» ብላ ፈራች። እኛ ዘንድ እንዲህ ሲሆን ጤነኛ ሰው ፈልጎ ማስተፋት ያለ ነገር ነው።

የመረጠችው ታዲያ ኦዛይ ሰፈር ወንበር የሚሠራውን አናጢ ነው።

«የኔ አክታ ምን አነሰው?» አልኳት።

«ጋሼ፣ እርስዎማ ያጨሳሉ። እሱ ኳስ ተጫዋች ነው፤ ደረቱን አላዩትም?»

እኔን ጋሼ፣ እሱን አንተ። ሰው በአክታ ይቀናል ቢሉኝ አላምንም ነበር። ያም ደረተ ሰፊ አልፎ አልፎ ያስላል፤ «የእንጨት ብናኝ ነው» ይላል።

ድሮ ቢሆን ባለሙያው በማይክሮስኮፕ አፍጥጦ ይፈልጋል፤ ተሕዋሲው ጥቂት ከሆነ ያመልጠዋል። የአሁኑ ማሽን ግን የተሕዋሲውን ዘረመል ለቅሞ፣ ቲቢ መኖሩንና ዋናው መድኃኒት ይሠራበት እንደሆነ በሁለት ሰዓት ይናገራል። የእሱን አክታ የራሷ አስመስላ ጠዋት ሰጥታ እኩለ ቀን ላይ ተደወለላት፦ ቲቢ አለ፤ መድኃኒቱ ይሠራል።

እያለቀሰች መጣች። «ብናገር ማጭበርበሬ ይወጣል፤ ዝም ብል እሱ ሊሞት ነው። ምን ላድርግ ጋሼ?»

እውነቱን ለመናገር፣ ቀድሞ የመጣልኝ ደስታ ነው። «ዝም በዪ» ልል አፌን ከፍቼ ፊቷን አየሁ። ለእኔ እንደዚያ አልቅሳ አታውቅም።

«ያላ፣ ተነሽ» አልኳት።

አናጢውን ከኦዛይ ይዘን ክሊኒክ ገባን፤ ተናዘዘች። ነርሷ ጮኸችብን እንጂ ለማንም አሳልፋ አልሰጠችንም። ሦስታችንንም በየራሳችን ዕቃ አስተፋችን። እሱ አለበት። እሷ ነፃ ናት፤ ሳሏ መታጠቢያ ቤት ስትፈትግ የምትምገው የክሎር በረኪና ሽታ ነበር። እኔም ከነሲጋራዬ ነፃ።

«ስድስት ወር ክኒን ይውጣል፤ ሲውጥ የሚያየው ሰው ያስፈልጋል» አለች ነርሷ።

«እሷ ትየው» አልኩ፣ ቅጣት ይሁንባት ብዬ።

ቅጣቱን በየምሽቱ ከሥራ በኋላ ኦዛይ ድረስ እየሄደች ፈጸመች። የምግብ ፍላጎቱ ይከፈት ብላ በርበሬ ከእኔ ትወስዳለች፤ አላስከፈልኳትም።

እሱ ዳነ። እሷ አገባችው። የእኔ ሳንባ ንጹሕ ነው።