ቀዩ ደን

በምሥራቅ አፍሪካ እኔ ያላየሁት ዛፍ የለም። ሳተላይት ያነሳውን የአርባ ዓመት ፎቶ ደርድሬ፣ የቱ ጫካ መቼ እንደሳሳ፣ የቱ ሜዳ መቼ እንደታጠረ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ የምናገር ሰው ነኝ። ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ሰፈር፣ ቤቴ ደጃፍ ላይ ቆመው የሚጠብቁኝን ሦስት ፖሊሶች ግን አላየኋቸውም።

የፖሊስ ጣቢያው እስር ክፍል ከወጥ ቤቴ ይጠብባል፤ ወጥ ቤቴ ውስጥ ደግሞ ሁለተኛ ድንች ሲገባ የመጀመሪያው መውጣት አለበት። ሲሚንቶው እርጥብ ነው። የሽንት ባልዲው በሩ ሥር ተቀምጧል። ቀበቶዬን ወስደውብኛል። ጥግ ላይ አንድ ሐጂ ነበሩ፤ ኢስሊ ገበያ ጨርቅ የሚነግዱ፣ የመኖሪያ ወረቀታቸው ጊዜው አልፎበት የታፈሱ።

«አንተስ ምን አድርገህ ነው?» አሉኝ።

«ፎቶ አይቼ።»

«የሴት?»

«የደን፣ ሐጂ።»

ሳቁ። የቱ ደን እንደሆነ ስነግራቸው ሳቃቸውን ዋጡት። ከሞያሌ ወዲህ ያለ የግጦሽ ደን ነው። አንድ ባለጊዜ አጥሮት «ድሮም ባዶ መሬት ነበር» ይላል። የእኔ ፎቶዎች ደግሞ አጥሩ እስከመጣበት ዓመት ድረስ ደን እንደነበር ያሳያሉ። የሐጂ የእህት ልጆች ከብት ያግዱ የነበረው እዚያ ነው።

ጠዋት መርማሪው ሲያስጠራኝ ሐጂ ተነስተው የሸሚዜን ኮሌታ አስተካከሉልኝ።

«እንደ ሰው ሆነህ ግባ» አሉኝ።

መርማሪው የድሮውን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አንዱን ቦታ በእስክሪብቶው መታ መታ አደረገ።

«ይሄ ሁሉ ቀይ ምንድነው? ዒላማ ነው?»

«ቅጠል ነው፣ አፋንዴ። ቅጠል የሚመልሰውን፣ ዓይን የማያየውን ብርሃን በቀይ ነው የምናወጣው። ቀይ ከሆነ በሕይወት አለ ማለት ነው።»

«ቅጠል ቀይ ነው ብለህ እኔን ልታሳምን?» ፎቶውን ወደ እኔ ገፋው። «ባዶ ነበር በልና ቤትህ ግባ። አለበለዚያ ሞያሌ ወስደን ለአገርህ ሰዎች እናስረክብሃለን።»

የአገሬ ሰዎች አቀባበል አይጠፋኝም፤ የሸሸሁት ከነሱ ነው። በአንድ እጄ ሱሪዬን እንደያዝኩ በሌላው ቀዩን ነካሁ።

«ደን ነበር» አልኩ።

አልመቱኝም። ወደ ክፍሉ መለሱኝ። ሐጂ ፊቴን አይተው ኮታቸውን አንጥፈው ቦታ ሰጡኝ። በማግስቱ ወደ ድንበር የጫኑት እሳቸውን ነው። እኔን ጠበቃ አስፈታኝ።

ዛሬም እዚያው ሥራ ላይ ነኝ። ከሐጂ ወሬ የለም፤ ኢስሊ ያለው ሱቃቸው አሁን ስልክ ይሸጥበታል። በቀደም የዚያን ደን የዘንድሮ ፎቶ ስከፍት አብራኝ የምትሠራው ልጅ ከኋላዬ ቆማ «ቀዩ እኮ አልቋል፤ ግራጫ ሆኗል» አለች። ቃሏን አመንኩ። እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ቀይና አረንጓዴ አልለይም። ደን የማነበው ከቁጥር ነው። ያን ዕለትም ጣቴን ያሳረፍኩት መርማሪው በእስክሪብቶ የመታው ቦታ ላይ ነው።