ከጋሼ ክፍሎም ኋላ፣ እስከ ግድቡ

የዚህ ጉዞ ሰበብ እኔ አይደለሁም። እኔ ደረጀ፣ ዳውንታውን ዴንቨር ከመሬት በታች ሁለት ፎቅ በወረደ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ የመኪና ጭስ ስምግ ስለምውል ቅዳሜ ሲመጣ የሚናፍቀኝ አልጋዬ ነው። ብስክሌት የገዛሁትም ዘንድሮ ነዳጅ ጋሎኑ አራት ዶላር ሲገባ ተናድጄ ነው። አንድ ጎረቤት ጋራዡን ከፍቶ አሮጌ ዕቃ ሲሸጥ በስልሳ ዶላር አነሳሁት፤ ከዚያ ወዲህ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፈው በረንዳዬ ላይ ልብስ እየተሰጣበት ነበር።

ሰበቡ ጋሼ ክፍሎም ናቸው። ሎውሪ ሰፈር ውስጥ ከእኛ ቀጥሎ ባለው ሕንፃ ይኖራሉ፤ ስልሳ ሰባት ዓመታቸው ነው። አሥመራ ተወልደው፣ በአማርኛ ተምረው፣ በወጣትነታቸው እሑድ እሑድ ብስክሌት ሲወዳደሩ ያደጉ ሰው ናቸው። እዚህ ደግሞ የሆቴል ሻትል ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጡ። ከሁለት ዓመት በፊት ልባቸው አስቸግሯቸው የደም ሥራቸውን የሚያሰፋ ሽቦ ገባላቸው። ሐኪሙ ብስክሌቱን እንዲነዱ ፈቅዶ፣ ከአቅም በላይ መታገሉን ግን ከለከላቸው።

ዘንድሮ ታዲያ ደቡብ ስፔን ከሚኖር የድሮ የቡድን ጓደኛቸው ደብዳቤ መጣ። እዚያ ሐዲዱ ተነቅሎ ጠጠር የፈሰሰበት አሮጌ የባቡር መንገድ አለ፤ በወይራ ዛፍ ኮረብታዎች መካከል እየተጠማዘዘ፣ ዋሻ ለዋሻ እያቋረጠ ይሄዳል፤ መኪና ድርሽ አይልበትም። ከመስከረም በኋላ ና፣ አንድ ሳምንት አብረን እንንዳ ይላል ደብዳቤው። ጋሼ ክፍሎም ከደብዳቤው ጋር የመጣውን ፎቶ ላገኙት ሰው ሁሉ ያሳዩ ነበር፤ ለእኔ ብቻ አራት ጊዜ አሳይተውኛል።

የመጨረሻው ቃል ግን የልጃቸው የሰላም ነው። ሰላም እንግልውድ ባለ አንድ ሆስፒታል የልብ ሕሙማን ክፍል ነርስ ናት፤ አባቷ ደግሞ ያለ እሷ ፈቃድ እንደማይሄዱ ቃል ገብተውላታል። «መጀመሪያ ዋተርተን ሸለቆ፣ ግድቡ ድረስ ሄደህ ተመለስ» አለቻቸው። «ጋሼ ደረጀ አብረውህ ይሂዱና ያዩትን ሁሉ ይንገሩኝ። ከዚያ እወስናለሁ።» ያለችው ይኼን ብቻ ነው። ጋሼ ክፍሎም ግን የተወዳዳሪነት ወኔያቸው ተነሳና ከሸለቆው መግቢያ እስከ ግድቡ እግሬ መሬት አይነካም ብለው በራሳቸው ላይ ሌላ ሕግ ጨመሩ። እኔም ሳላስበው ምስክር ሆንኩ።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

ሁለቱን ብስክሌቶች ሚኒቫኔ ውስጥ አጋድመን ከሎውሪ ወጣን። አይ-ሃያ አምስት አውራ ጎዳና ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። በስተግራችን አዲሱ ቀላል ባቡር ሦስት ሰው ይዞ ወደ ዳውንታውን ይሄዳል፤ በስተቀኝ ተራሮቹ ፀሐይ ገና ጫፋቸውን እየነካቻቸው ነው። ሊትልተን ስንደርስ ከሃይላይን ካናል አጠገብ ያለ ክፍያ መኪና የሚቆምበት ቦታ አገኘን። ነፃ ፓርኪንግ ሳገኝ የምደሰተውን ደስታ የሚረዳኝ የሥራ ባልደረባዬ ብቻ ነው።

ጋሼ ክፍሎም ከመነሳታችን በፊት የጎማዬን አየር ጫን ጫን አድርገው አዩና ሳያስፈቅዱኝ ማስተንፈስ ጀመሩ። ሌሊቱን በፓምፕ ስደክምበት ያደርኩትን አየር! ጠጠር ላይ የተወጠረ ጎማ ያንሸራትታል፣ ለስለስ ያለ ግን መሬቱን ይይዛል አሉኝ። ስንነሳ ልክ እንደነበሩ ገባኝ። በዕድሜዬ ስለ ጎማ የማውቀው መንፋት ብቻ ነበር።

ሃይላይን ካናል ድሮ ለእርሻ ውሃ የተቆፈረ ቦይ ነው። አሁን በዓመት ጥቂት ቀን ካልሆነ ውሃ አይታይበትም፤ ዳርና ዳሩ ግን ሦስት ሰው ተያይዞ የማያቅፋቸው ትልልቅ ዛፎች ቆመዋል። በሥራቸው የሚሄደው መንገድ አገር ቤት ፒስታ የምንለው ዓይነት ደቃቅ ጠጠር ነው። አልፎ አልፎ አስፋልት ይቆርጠዋል እንጂ መኪና አይገባበትም። ከጎማው ሥር ከሚንሿሿው ጠጠር በቀር የሚሰማ የለም። ነጭ አጥር ውስጥ ፈረሶች ይግጣሉ። ሽኮኮ የሚያካክሉ ፍጥረቶች ከጉድጓዳቸው ብቅ ብለው ይጮኹብንና መልሰው ይገባሉ። ሃያ ዓመት ከዚህ ቦታ የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ኖሬ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን አለማወቄ አሳፈረኝ።

የዚህ አገር ሰው መንገድ ላይ ሲያልፍህ «በግራህ ነኝ» ብሎ ይጮህና ያልፋል። ሽማግሌ የለ፣ አሮጊት የለ። አንዲት አሥር ዓመት የማይሞላት ልጅ እንኳ ጋሼ ክፍሎምን እንዲሁ ብላ ጥላቸው ሄደች። እሳቸው እጃቸውን አውለብልበው መረቋት፤ እኔ ግን ደሜ ፈላ። እኔ ከተነሳንበት ጀምሮ ሁለት ሜትር ከኋላቸው ነበርኩ። ከአባቴ ጋር ገበያ ስሄድ እንኳ አንድ እርምጃ ቀድሜው አላውቅም።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል

የሸለቆው መግቢያ ላይ ዕረፍት አደረግን። ሰላም የጋገረችውን ሕምባሻ ቆርሰን፣ በጠርሙስ የበጠበጥኩትን በሶ ጠጣን። በሶውን ጋሼ ክፍሎም አንድ ጊዜ ጎንጨት አድርገው «ይሄ ሲሚንቶ ነው» ብለው መለሱልኝ።

ዋተርተን ካንየን እንደገባን ግን ቀልድ ቆመ። መንገዱ ሰፊ ጠጠር ነው፤ ከከተማው የውሃ ድርጅት የጥበቃ መኪና በቀር ሞተር የሚባል አይገባም። በአንድ በኩል ወንዙ በድንጋይ ላይ እየተንከባለለ ይወርዳል፤ በሌላው በኩል ገደሉ ቀና ብሎ እስከ ሰማይ ይሄዳል። ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቱ የቆመ አንድ ዓሣ አጥማጅ፣ በዚህ መንገድ ድሮ ባቡር ይሄድበት እንደነበር ነገረን። ጋሼ ክፍሎም ይኼን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ለካ እንደ ስፔኑ ሁሉ ከሐዲድ የተረፈ መንገድ ላይ ነበርን! ሰውየው ቀንዳም የተራራ በጎች ከላይ እንዳሉም አክሎ፣ ብዙ እንዳንጠጋቸው መከረን።

በጎቹን ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ አገኘናቸው። አምስት ናቸው፤ ቀንዳቸው ወደ ኋላ ተጠምዝዞ ጉንጫቸው ድረስ መጥቷል። አንዱ መሐል መንገድ ቆሞ አየንና፣ ሲበቃው ምንም መርገጫ የሌለው በሚመስል ገደል ላይ ወጣ። እንዲህ ያለ ነገር ሳይ ፈጣሪን ከማመስገን ሌላ ቃል አላገኝም።

ጋሼ ክፍሎም አነዳዳቸው ያምራል። ወገባቸው አይነቃነቅም፤ እግራቸው እንደ ልብስ ስፌት መኪና እኩል እኩል ይመታል። መንገዱ ቀስ እያለ ዳገት ሲሆን ማርሽ ቀነሱ፤ እኔም ቀነስኩ። ትንሽ ቆይተው ፈጠን አሉ፤ እኔም ብቻቸውን እንዳይሆኑ ፈጠን አልኩ። ስጠጋቸው ባሰባቸው። ሲብስባቸው ይበልጥ ተጠጋሁ። እኚህ ሽማግሌ ዛሬ ምን ነክቷቸዋል እያልኩ፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ ወደ ሁለት ማይል ያህል እንዲህ ሄድን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኛ ግን ሁለታችንም መቸኮል ሳንፈልግ ነው ያፈሰስነው።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ

ግድቡ ሊታየን አንድ መታጠፊያ ሲቀረን ጋሼ ክፍሎም ፍሬን ያዙ። ብስክሌቱን ወደ ዳር አወጡት፤ ቀኝ እግራቸውን ቀስ ብለው አሻግረው ወረዱ። አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ሁለት ጣታቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው የእጅ ሰዓታቸውን ማየት ጀመሩ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ስልኬን ባወጣ ሸለቆው ውስጥ ሲግናል የለም። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ፈርቼ አላውቅም።

«አይዞህ» አሉኝ ቆይተው። «ምት አልዘለለም። ፈጥኗል ብቻ።» ውሃ ጠጡ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ለምንድነው የማታልፈኝ?»

«እርስዎን? እንዴት ብዬ ነው እርስዎን ቀድሜ የምሄደው?»

«እኔ እኮ ጎማህን ከኋላዬ ስሰማ፣ ይሄ ሰው በእኔ ምክንያት ተጎተተ ብዬ ነው የምሮጠው።»

«እኔም እርስዎ ሲሮጡ ጊዜ ነው የምከተለው።»

መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም፤ በአክብሮቴ ሰው ልገድል ነበር።

ግማሽ ሰዓት ካረፉ በኋላ ቀለማቸው ተመለሰ። የቀረውን መንገድ ብስክሌታቸውን እየገፉ በእግራቸው ሄዱ፤ እኔም የእኔን እየገፋሁ አብሬያቸው ሄድኩ። ግድቡ ድንቅ ነው። በሁለት ተራራ መካከል የተሰነቀረ ግዙፍ ግንብ ነው፤ ከሆዱ የሚተኮሰው ውሃ ነጭ ጉም ሆኖ ፊታችንን አረጠበው። ፎቶ ላንሳዎት ብላቸው እምቢ አሉ። ነድቼ ያልደረስኩበት ቦታ ፎቶ አልነሳም አሉኝ።

በጣም አዘንኩላቸው። «ጋሼ» አልኳቸው፣ «መውረድዎን ለሰላም ባናነሳላትስ?»

«ለልጄ ዋሽቼ ስፔን አልሄድም» አሉኝ። «ያየኸውን ትነግራታለህ።»

መልስ

ቁልቁለቱን ስንጀምር ወደ ኋላቸው ልሆን ስል በእጃቸው ጠሩኝና ከጎናቸው አደረጉኝ። መኪና በሌለበት መንገድ ላይ ሁለት ሰው ጎን ለጎን መሄድ እንደሚችል እስከዚያ ሰዓት አልታሰበንም ነበር። እስከ ሸለቆው አፍ፣ ከዚያም በካናሉ ዳር፣ እያወራን ወረድን። በወጣትነታቸው አንድ ጊዜ ወድቀው ጉልበታቸው እየደማ ውድድር ጨርሰው፣ ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር በምርኩዝ እንደሄዱ ያጫወቱኝ ያኔ ነው። ጠዋት ያላየኋቸውን ብዙ ነገሮችም አየሁ፤ ጠዋት ሳይ የነበረው ጀርባቸውን ነበርና።

ከዚህ ጉዞ ምን ይዘህ ተመለስክ ብትሉኝ፣ ሰው ማክበር ሁልጊዜ ከኋላው መሆን እንዳልሆነ ነው። ቀላል ነገር ነው፤ እኔ ግን ለመማር አርባ ስምንት ዓመትና አንድ ዳገት ፈጅቶብኛል። መንገዱንስ ማንም ቢሄድበት አይቆጭም። አልጋው የትም አይሄድም።

ሎውሪ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሰላም ከሥራ ገና መምጣቷ ነው፤ የሆስፒታል ልብሷን አልቀየረችም። አባቷን ከእግር እስከ ራስ አየቻቸው እንጂ ምንም አልጠየቀቻቸውም። ወደ እኔ ዞረች። እኔም ከጎማው አየር ጀምሬ፣ በጎቹን፣ የእኔን ሞኝነት፣ መሮጣቸውን፣ መውረዳቸውን፣ ብስክሌቱን እየገፉ መድረሳቸውን ሁሉ ነገርኳት። ጋሼ ክፍሎም ወለሉን ያዩ ነበር።

«ውረድ ያሉት እርስዎ ነዎት?» አለችኝ።

«እኔማ ምን አፍ አለኝ። ራሳቸው ናቸው የወረዱት።»

«ባባ ራሱ? ማንም ሳይለው?»

«ማንም።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «እኔ የምፈራው መድከሙን አልነበረም» አለች። «ደክሞት የማይወርድ መሆኑን ነው። ሥራ ቦታ በየቀኑ የሚመጡልኝ እንዲህ ያሉት ናቸው።» ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች። «ቲኬቱን ሰኞ እቆርጥልሃለሁ።»

ጋሼ ክፍሎም ቶሎ አልገባቸውም። እኔን አዩ፤ እሷን አዩ።

«እግሬ መሬት ሳይነካ ደርሼ ቢሆንስ ኖሮ?» አሏት።

«ትቀር ነበር» አለቻቸው፣ እጇን ልትታጠብ እየተነሳች።