ስለ ጉልበቴ የነገርኳት

ቀኝ ጉልበቴን ካስቀየርኩ አምስት ዓመት አልፎኛል። አዲስ አበባ ላይ የራሴን አውጥተው ብረት ተኩልኝና ነጌሌ ተመለስኩ። በቀጠሮዬ ቀን ሐኪሙ ራጁን ወደ መብራት አንሥቶ አሳየኝ። ንጹሕ ሥራ ነበር።

«ምንም ችግር የለውም» አለኝ።

«እኔ ግን ያመኛል» አልኩት።

አንዳንድ ሰው ከቀዶ ጥገናው በኋላም ከሕመም እንደማይላቀቅ፣ ምክንያቱም ሁልጊዜ እንደማይታወቅ ነገረኝ። ሃያ ስምንት ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ አሠራሩ ትክክል ሆኖ መልሱ የሚሳሳት ነገር አልወድም።

ሕመሙ የሚያስጮኽ አይደለም፤ ግን አይለቅም። ከወንበር ስነሣ፣ ባጃጅ ላይ ስወጣ ከውስጥ ይጨመድደኛል። ቁጭ ስልም ጠባብ ጫማ እንዳደረገ ሰው እፎይ ማለት የለም። ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነልኝ፤ አንዷ የግመል ወተት፣ ሌላዋ ጠበል አዘዘችልኝ። አንድ ጡረተኛ ወታደር ደግሞ ብረቱ ዝጎ እንዳይሆን ሰጋልኝ።

ለሁሉም መልሴ አንድ ነበር፦ «ተመስገን፣ ድኛለሁ።» እዚህ አገር «አካም?»፣ እንዴት ነሽ ሲባል መልሱ መጀመሪያ «ነጋ»፣ ሰላም ነው፤ ዝርዝሩ ቁጭ ከተባለ በኋላ ይመጣል። እኔ ዝርዝሩን ጭራሽ ተውኩት። ልጆቼ ሊያሳክሙኝ ያን ያህል ደክመውልኝ ያመኛል ማለት ውለታ ቢስነት መሰለኝ።

አንድ ቀን የወደራዋ ወዳጄ መጣች። መንግሥት በተቀየረ ማግስት ወጣት አስተማሪ ሆኜ ወደራ ስመደብ ቤት ያከራየችኝ እሷ ነበረች። እኩያዬ ብትሆንም በአክብሮት «አዴ» እላታለሁ፤ ቅቤ ትነግዳለች። እያነከሰች ገባች።

«አካም ቲቸር?»

«ነጋ፣ አዴ። አንቺስ?»

«ነጋ ነው። ጉልበት ብቻ እምቢ አለኝ።» እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። «ልጆቹ አዲስ አበባ ወስደን እናስቀይርሽ ይላሉ። ቲቸር ድናለች ሲሉኝ እሺ አልኩ። ግን ከአፍሽ ልስማ ብዬ መጣሁ። ዱጋ ንገሪኝ፣ እውነቱን። ያምሻል?»

የዚያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ሲጠዘጥዘኝ ነበር። የራሴም «ተመስገን» ሰልችቶኝ ነበር።

«ያመኛል» አልኩ። «በየቀኑ ያመኛል። ተንበርክኬ መስገድ አልችልም። ሐኪሙም መላ የለውም።»

አንዴ ከጀመርኩ ማቆሚያ አጣሁ። ለማንም ያልነገርኩትን ሁሉ ዘረገፍኩላት፤ ቀለለኝ። አልዋሽም፣ እንዲያውም ደስ አለኝ። እሷ ከንፈሯን መጠጠች፣ «ዋቃ ይማርሽ» አለችኝና ወደ ቤቷ ሄደች። ልጆቿን «አልፈልግም» አለቻቸው።

ከዚያ በኋላ ገበያ መውጣቷን እንደተወች ሰማሁ። ባለፈው ዓመት ልጠይቃት ወደራ ሄድኩ። ከመናኸሪያው እስከ ቤቷ በእግሬ ነው የሄድኩት፤ ሁለቴ ብቻ አረፍኩ። ስደርስ ምራቷ ከመጸዳጃ ቤት አዝላ ስታመጣት አየሁ። በር ላይ በተነጠፈ ፍራሽ አስቀመጠቻት።

እዚያው እንደቆምኩ ክው አልኩ። ከቀዶ ጥገናው በፊት እኔም ልክ እንዲህ ነበርኩ። ሁለት ዓመት ከግቢ አልወጣሁም፤ ባለቤቴ ነበር ደግፎ ሽንት ቤት የሚያደርሰኝ። ልትጠይቀኝ የመጣች ቀን ይህን አንድም ጊዜ አላነሣሁላትም። ያምሻል ወይ አለችኝ፣ ያመኛል አልኳት። ግማሹን እውነት ነግሬ ሙሉውን የነገርኳት መስሎኝ ነበር።

«አዴ» አልኳት፣ «እያመመኝም ቢሆን እንደገና አስቀይሪው ቢሉኝ አስቀይረዋለሁ። ከቤት ያወጣኝ እሱ ነው። አሁንም አልረፈደም፣ ልጆችሽ ይውሰዱሽ።»

«ወስደውኝ ነበር» አለች። «አሁን ልብሽ ደክሟል፣ ቀዶ ጥገና አትችይም አሉኝ።»

እሷ ወደ እግሬ አየች።

«ይህን ያኔ ለምን አላልሽኝም?»

«አልጠየቅሽኝም» አልኩ። አፌ ቀደመኝ። ከወጣ በኋላ አፈርኩ፤ ለተማሪ እንኳ የማይባል መልስ ነው።

እሷ ወደ ጓዳ ዞር አለችና ምራቷን ተጣራች።

«ለቲቸር ወንበር አምጪላት» አለች። «እግሯን ያማታል።»