የሀጂራ ሽንኩርት

ሀጂራ በአርባ ስድስት ዓመቷ ባሕር ማዶ ተሻግራ ንግድ ልትማር ነው ሲባል መርሳ ከተማ ሳቀባት። «ሲያረጁ አምባር ይዋጁ» አሉ። እኔ ሰለሞን፣ በልጅነቷ እንግሊዝኛ ያስተማርኳት፣ ትንሽ ስቄያለሁ፤ አልዋሽም።

ሴትዮዋን ማወቅ ነው እንጂ። የሽንኩርት ነጋዴ ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ናት። ልጆቿን ድራ ስትጨርስ፣ ቅዳሜና እሁድ ወልድያ እየተመላለሰች አምስት ዓመት ተምራ ዲግሪዋን ያዘች። ፈተና ሲደርስ ሚኒባስ ውስጥ ሳይቀር ደብተር ገልጣ አያታለሁ። ከዚያ ደግሞ ወጪዋን ችሎ ማስተርስ የሚያስተምራት ፍለጋ ገባች። እኔ ስመ ጥር የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲ መረጥኩላት። እሷ ማሌዥያ ያለ፣ ስሙን ሰምቼው የማላውቀውን መረጠች። ቶሎ የሚበላሽ ምርት እንዴት ቆይቶ እንደሚሸጥ የሚያስተምሩት እዚያ ነው።

«ትልቅ ስም ምን ይሠራልኛል ጋሼ? ስም ሽንኩርት አይጭን።»

ችግሩ ማመልከቻው ላይ መጣ። «ያከናወኑትን ታላቅ ሥራ ይግለጹ» ይላል። ሀጂራ ሦስት መስመር ጽፋ መጣች፤ አላህ ረድቶናል፣ የማኅበሩ ሴቶች ጎበዞች ናቸው፣ አልሀምዱሊላህ። በቃ! ደሜ ፈላ። «ስለ ራስሽ ጻፊ እንጂ!» ብዬ ጮህኩባት።

«ወላሂ ጋሼ፣ እጄ እምቢ አለኝ። ሰው ራሱን ያሞግሳል እንዴ? ነውር አይደለም?»

ያንኑ ላከችው። እንደ እድል ሆኖ ለቃለ መጠይቅ ጠሯት።

በቀጠሮው ቀን በማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ስልኩን ጆንያ ላይ አስደግፈን ተቀመጥን። እኔ ቃል ሲጠፋት ላቀብላት፣ ምክትሏ ብዙነሽ ደግሞ ልታበረታታት። ከወዲያ መነጽር ያደረገች መምህርት ያንኑ ጥያቄ ደገመችው፤ ምን ሠርተዋል? ሀጂራ አቀረቀረች። እድሏ ዓይኔ እያየ ሊያመልጣት ነው።

ብዙነሽ አላስቻላትም። ስልኩን ነጥቃ ወደ ራሷ አዞረችው።

«ጋሼ፣ ይተርጉሙልኝ! መንገድ በተዘጋ ጊዜ የሁላችን ሽንኩርት እዚህ ታጭቆ ሊበሰብስ ነበር። ይቺ ሴት ውርጌሳ ድረስ በእግሯ ሄዳ ሁለት አይሱዙ ለምና በጥርጊያ መንገድ አመጣች። የኛን ሁሉ አስጫነች። ለሷ ቦታ ጠፋ፤ የሷ ሽንኩርት እዚህች ጥግ በሰበሰ። ሽታው ስንት ወር አልለቀቀንም! እሷ ግን አንድ ቀን አንስታብን አታውቅም።»

ይህን እኔም ሰምቼው አላውቅም ነበር። ቃል በቃል ለመምህርቷ ተረጎምኩላት።

መምህርቷ ግን፣ «የራስዎ ሸቀጥ ከበሰበሰ ታዲያ ንግዱ የታለ?» አለች።

ሀጂራ ቀና አለች። እኔን ሳትጠብቅ፣ በራሷ እንግሊዝኛ፣ «እውነትዎን ነው፤ ኪሳራ ነው» አለቻት። «የምመጣውም ለዚህ ነው። ሌላ ጊዜ የማንም እንዳይበሰብስ።»

የመቀበያ ደብዳቤው በሦስተኛው ሳምንት ደረሰ። መስከረም ላይ መናኸሪያ ወርደን ስንሸኛት፣ አምባሩን ከተረቱባት ውስጥ ግማሾቹ ስንቅ ይዘው መጥተው ያለቅሱ ነበር። እኔም አልቅሻለሁ፤ አልዋሽም።